የደም ምርመራ ቀን መቍጠርንም ይጠይቃል

ጤናን ለመጠበቅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንደኛው በሽታን በጊዜው ማወቅ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቫይረሱ የገባበት ሰው ለብዙ ዓመታት ምንም ሕመም ሳይሰማው፥ ሥራውን እየሠራና ልጆቹን እያሳደገ ሊኖር ይችላል። ከምርመራ በቀር በመልኩም ሆነ በአቋሙ ሊለየው የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ «ተመርመሩ» የሚለው ምክር በየጤና ጣቢያው፥ በየትምህርት ቤቱና በየዕድሩ ለብዙ ዘመን ሲነገር ቈይቷል፤ ሕዝቡም ሰምቶታል።

ነገር ግን እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ምክር ውስጥ አንዲት ቃል ጐድላለች። እርስዋም «መቼ» የምትለው ቃል ናት። ብዙ ሰው መመርመሩን ያስታውሳል እንጂ የተመረመረበትን ቀን አይቈጥርም፤ የተሰጠውን ወረቀት በጥንቃቄ ያስቀምጣል እንጂ ወረቀቱ ስለ የትኛው ጊዜ እንደሚናገር አያስተውልም። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንዳንዱ ሰው ነገሩ ገና ሊታወቅ በማይችልበት ሰሞን ተመርምሮ በከንቱ ይጽናናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፍርሃቱ ማብቃት በሚገባው ጊዜ ሳያበቃለት በጭንቀት ይኖራል። ሁለቱንም የሚረዳቸው መድኃኒት አንድ ነው፤ ይኸውም ቀንን መቍጠር ነው።

ምርመራው የሚያየው ምንድን ነው?

የኤድስ መንሥኤ የሆነው ቫይረስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፥ በፓስተር ኢንስቲትዩት ታወቀ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የዚህ ሥራ ባለቤቶች የሆኑት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቫይረሱ ከታወቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1985፥ የመጀመሪያው የደም መመርመሪያ በአሜሪካ አገር ተፈቀደ።

ያ የመጀመሪያው መመርመሪያ ቫይረሱን ራሱን አያይም ነበር። ዛሬም ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ የሚሠራው የተለመደው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን፥ ሰውነት ቫይረሱን ለመቋቋም የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሐኪሞችም ይህን አንቲቦዲ ይሉታል። እንግዲህ መርማሪው የሚፈልገው ጠላትን ሳይሆን በጠላት ላይ የተነሣውን ጦር ነው ማለት ይቻላል። ጦር ደግሞ ጠላት በገባበት ሰዓት አይሰለፍም፤ ለመሰብሰብ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ገበሬ ዘሩን በዘራ በማግሥቱ ማሳውን ቢመለከት አፈር እንጂ ቡቃያ አያይም። ቡቃያ አላየሁምና ዘር የለም ብሎ ቢናገር ግን ማንም ይስቅበታል። ባለፈው ቅዳሜ ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ነገር ደርሶበት ሰኞ ዕለት የሚመረመርና «ነጌቲቭ» ሲባል የሚጽናና ሰውም ከዚህ ገበሬ አይለይም። ቫይረሱ ከገባበት ቀን አንሥቶ ምርመራው ሊያየው እስከሚችልበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ የመስኮት ጊዜ ተብሎ ይጠራል።

ይህ ጊዜ እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል። በዛሬው ዘመን ሦስት ዓይነት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ፀረ እንግዳ አካልን ብቻ የሚያይ ነው፤ ይህም ከተጋለጡበት ቀን ጀምሮ ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቫይረሱን ሊያሳውቅ ይችላል። ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካልንና አንቲጂን የሚባለውን የቫይረሱን ክፍል አጣምሮ የሚያይ ነው፤ ደሙ ከክንድ ሥር ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ከ18 እስከ 45 ቀን፥ ከጣት በሚወሰድ ደም ሲሠራ ግን ከ18 እስከ 90 ቀን ይወስዳል። ሦስተኛው የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልግ ነው፤ ይህም ከ10 እስከ 33 ቀን ያስፈልገዋል። አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ ከሦስቱ እጅግ ፈጣን የሆነው እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ምንም ሊያይ አይችልም። በማግሥቱ የሚያሳውቅ ምርመራ በዓለም ላይ የለም።

በእኛ ወራት ስንቈጥር

እንደ ዕድል ሆኖ የአገራችን ወራት ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለ ሆኑ ቈጠራው አያስቸግርም፤ ጳጕሜን በመካከል የገባች እንደ ሆነ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው ጥቅምት 5 ቀን ለቫይረሱ ተጋለጠ እንበል። በኅዳር 5 ሠላሳ ቀን፥ በታኅሣሥ 5 ስድሳ ቀን፥ በጥር 5 ደግሞ ዘጠና ቀን ይሞላዋል። ይህ ሰው በጥቅምት 20 ተመርምሮ ነጌቲቭ ቢባል ወረቀቱ ስለ ጥቅምት 5 የሚነግረው ነገር የለም። በኅዳር 20፥ ማለትም በ45ኛው ቀን፥ ከክንዱ በተወሰደ ደም በላቦራቶሪ በጣምራው ምርመራ ነጌቲቭ ቢባል ግን ውጤቱ የሚታመን ነው። በፈጣኑ የጣት ምርመራ ከሆነ እስከ ጥር 5 ድረስ ታግሦ ይድገመው። በጥር 5 ነጌቲቭ ከሆነና በመካከሉ እንደ ገና ካልተጋለጠ፥ የጥቅምቱ ነገር እዚያ ላይ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ በፍርሃት ደጋግሞ መመርመር አያስፈልግም።

በዚህ መካከል ያሉት ሳምንታት የመጠባበቂያ ብቻ ሳይሆኑ የጥንቃቄም ሳምንታት ናቸው። ቫይረሱ አዲስ በገባበት ሰው ደም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ በዝቶ ይገኛል፤ ስለዚህም በዚያ ሰሞን ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ይቀልለዋል። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ፤ ምርመራው ቫይረሱን ሊያይ የማይችልበት ወቅትና ቫይረሱ አብዝቶ የሚተላለፍበት ወቅት ተደራርበው ይገኛሉ። ያለ ጊዜው የተሰጠ መጽናናት ጉዳቱ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለትዳር ጓደኛም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቈጠራው እስኪፈጸም ድረስ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ወይም በኮንዶም መጠቀም ይገባል።

በሕመም ምልክት ልወቀው ማለትም አያዋጣም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በአንዳንድ ሰው ላይ ትኵሳት፥ የጕሮሮ ሕመምና ሽፍታ ይታያል፤ በሌላው ላይ ግን ምንም አይታይም። ትኵሳቱም ቢሆን ከጕንፋን ወይም ከወባ በዓይን አይለይም።

ከመጠበቅ በፊት የሚቀድም ነገር

ቀን ቍጠሩ ስንል እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ማለታችን እንዳይመስል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፈጽሞ ሊዘገይ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ነገር የደረሰበት ሰው፥ ለምሳሌ በኃይል የተደፈረች ሴት፥ ወይም ሕመምተኛን ሲረዳ መርፌ የወጋው የጤና ሠራተኛ፥ ወይም ኮንዶም የተቀደደበት ሰው፥ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይሰፍርበት የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። መድኃኒቱ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ፈጥኖ የተጀመረ እንደ ሆነ ጥቅሙ ይበልጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም። በምሳሌያችን ያነሣነው ሰው ጥቅምት 5 ማታ የተጋለጠ ቢሆን እስከ ጥቅምት 8 ማታ ጊዜ አለው ማለት ነው፤ ቢሆንም ጥቅምት 5 ሌሊቱን መሄዱ የተሻለ ነው። ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ የምርመራውን ቀን ሐኪሙ ይወስንለት፤ መድኃኒቱ ምልክቱን ሊያዘገየው ይችላልና።

እንግዲህ ሦስቱ ሰዓታችን እንዲህ ነው፤ ለመድኃኒቱ መቸኰል፥ ለምርመራው መታገሥ፥ በመካከሉ መጠንቀቅ። ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለምርመራው ይቸኵላል፥ ለመድኃኒቱ ግን ያፍራል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ለጥቍር ሰሌዳ የሚሆን ስሌት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነጌቲቭ ውጤት ነው። ፖዘቲቭ ስለ ተባለው ውጤት ደግሞ መምህራን በክፍል ውስጥ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ስሌት አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መመርመሪያ ተቀባይነት እንዲያገኝ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 99ኙን ማወቅ አለበት፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 98ቱን በትክክል የለባቸውም ማለት አለበት። በአገራችን በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 ከመቶ ነበሩ፤ ለስሌታችን እንዲመች ከመቶ አንድ እንበለው።

አሁን 10,000 ሰዎች ተመረመሩ እንበል። ከእነዚህ ቫይረሱ ያለባቸው 100፥ የሌለባቸው 9,900 ናቸው። መመርመሪያው ከ100ዎቹ 99ኙን ያገኛል። ከ9,900ዎቹ ደግሞ ከመቶ ሁለት ቢሳሳት 198 ሰዎችን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። በጠቅላላው 297 ሰዎች ፖዘቲቭ ተባሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቫይረሱ በእውነት ያለባቸው 99 ብቻ፥ ማለትም ከሦስት አንዱ ብቻ ናቸው! ትክክለኛነቱ 98 ከመቶ የሆነ መሣሪያ እንዲህ ያለ ነገር ማምጣቱ ሊያስደንቅ ይችላል፤ ነገር ግን ቫይረሱ የሌለባቸው ሰዎች እጅግ ብዙዎች ስለ ሆኑ ከብዙው ላይ የተገኘ ትንሽ ስሕተት ከጥቂቱ እውነት በልጦ ተገኘ።

ስለዚህ በአንድ መመርመሪያ ብቻ ማንም ሰው ቫይረሱ አለበት አይባልም። 297ቱ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ሁለተኛ ይመረመራሉ፤ በስሕተት ከተያዙት 198 ውስጥ አራት ያህል ብቻ ይቀራሉ። እነዚህም በሦስተኛ መመርመሪያ ሲታዩ አንድ ሰው እንኳ በስሕተት አይቀርም ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ሦስት መመርመሪያዎች ተከታትለው ፖዘቲቭ ሳይሉ ውጤቱ እንዳይረጋገጥ የመከረው ስለዚህ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛው የተለየ እንደ ሆነ ምርመራው ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል። በቤቱ ራሱን በራሱ የመረመረ ሰውም ምልክት ቢያይ፥ ያየው የምርመራ መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ዐውቆ ሳይደነግጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ከዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። በስሕተት ፖዘቲቭ የተባለን ውጤት ሌላ መሣሪያ በዚያው ዕለት ያርመዋል። በመስኮቱ ጊዜ ነጌቲቭ የተባለን ውጤት ግን ያው ዓይነት መሣሪያ በዚያው ዕለት ዐሥር ጊዜ ቢደገም አያርመውም፤ የሚያርመው የቀን ማለፍ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት የመሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው ግን የአንባቢው ነው። መሣሪያውን የሚያሻሽሉት ሊቃውንት ናቸው፤ አነባበቡን ማሻሻል ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ስለ ጋብቻ ወረቀት

በከተሞቻችን ሙሽሮች ከጋብቻ በፊት ደማቸውን ማስመርመራቸው የተለመደ ሆኗል። ልማዱ መልካም ነው፤ ያወጡትም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ምርመራው ከቀለበትና ከጥሪ ወረቀት ጋር ለሠርግ እንደሚገዛ ዕቃ የተቈጠረ እንደ ሆነ ጥቅሙ በግማሽ ይጐድላል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጥድፊያ የተገኘ አንድ ወረቀት፥ ሙሽራው ወይም ሙሽራይቱ ከሦስት ወር በፊት እንዴት እንደ ነበሩ ይናገር ይሆናል እንጂ ባለፈው ወር ስለ ሆነው ነገር አይመሰክርም።

ስለዚህ በእኔ በኩል የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለመጋባት ያሰቡ ሁለት ሰዎች በመጀመሪያ በሽምግልናው ሰሞን አብረው ሄደው ይመርመሩ፤ ከዚያም ቢያንስ ሦስት ወር ተጠንቅቀው ከቈዩ በኋላ አብረው ሄደው ይድገሙ። መምህራንና የሃይማኖት አባቶች ወረቀት አምጡ ከማለት ይልቅ ይህን የሁለት ጊዜ ጕዞ ቢያስተምሩ የበለጠ ይጠቅማል። ወረቀቱም የሁለቱ ሰዎች ምስጢር ነው፤ ለአማቶችና ለሚዜዎች የሚታይ ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

በዚሁ አሳብ ውስጥ ሦስት ነገሮችን በአጭሩ እንጨምራለን። አንደኛ፥ ደሙን ለማስመርመር ብቻ ብሎ ወደ ደም ባንክ የሚሄድ ሰው ታላቅ ጥፋት ያደርጋል፤ የተለገሰ ደም ሁሉ ቢመረመርም በመስኮቱ ጊዜ ውስጥ ያለ ሰው ደም ሊያመልጥ ይችላልና። ሁለተኛ፥ ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ስለሚወለድ እስከ 18 ወር ድረስ በተለመደው ፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ቢባል ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፤ ለእርሱ የተመደበው የዘረ መል ምርመራ ነው። ሦስተኛ፥ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ድኜ እንደ ሆነ ልይ ብሎ በፈጣን መመርመሪያ ራሱን አይመርምር፤ መድኃኒቱ ውጤቱን ሊያሳስተው ይችላልና፥ ነጌቲቭ ቢያይም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

ለሚነሣው ተቃውሞ መልስ

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ስለ መስኮት ጊዜና ስለ ስሕተት ለሕዝብ መናገር በምርመራው ላይ ጥርጣሬ ያሳድራል፤ ዝም ማለት ይሻላል» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ከበጎ ልብ የመነጨ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሕዝብን ግማሽ እውነት አስተምሮ ማስተማመን አይቻልም። ያለ ጊዜው ተመርምሮ ነጌቲቭ የተባለና ኋላ ፖዘቲቭ የሆነ አንድ ሰው ቢገኝ፥ ምክንያቱን ያላወቁ ጎረቤቶቹ ሁሉ ምርመራው ሐሰት ነው ይላሉ፤ ምክንያቱን የተማሩ ግን ምርመራው ሳይሆን ቈጠራው እንደ ተሳሳተ ያስተውላሉ። በትክክለኛው ቀንና በተሟላ ሥርዐት የተደረገ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ በሕክምና ውስጥ እጅግ ከሚታመኑት ምርመራዎች አንዱ ነው። ጥርጣሬ የሚያሳድረው ዕውቀት ሳይሆን የዕውቀት ጕድለት ነው።

ደግሞም ዛሬ መመርመር እንደ ቀድሞው የሚያስፈራ ነገር አይደለም። በአገራችን ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ ያለ ክፍያ ሲሰጥ ቈይቷል። መድኃኒቱን በጊዜው ጀምሮ በሥርዐት የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ሊኖር፥ ትዳር ሊይዝና ጤናማ ልጅ ሊወልድ ይችላል። በሕክምናው ኃይል ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለትና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እውነት ከሆነ፥ በጊዜው ያወቀ መድኃኒቱ በደጁ ነው ማለትም እውነት ነው።

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ ነገ ሙሽሮች፥ ወላጆችና የቤት አስተዳዳሪዎች ይሆናሉ። የቫይረሱን ስምና የሚተላለፍባቸውን መንገዶች አስተምራችኋቸዋል። አሁን ደግሞ የምርመራ ውጤት በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ራሱን የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች በጥቍር ሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው። መጨረሻ የተጋለጥሁት መቼ ነው? የተመረመርሁት በየትኛው ዓይነት ምርመራ፥ በስንተኛው ቀን ነው? ከተመረመርሁ ወዲህስ እንደ ገና ተጋልጫለሁን? እነዚህን ሦስቱን መመለስ የሚችል ሰው ወረቀቱን ማንበብ ዐወቀ ማለት ነው። መመለስ የማይችል ደግሞ አይፈር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ፤ ቀኑንም አብረውት ይቈጥሩለታል።